ጉልበት

ቅዳሜ ጠዋት የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ከሆስፒታል ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤቴ አልሄድም። ሰፈራችን ውስጥ ወዳለው የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው። ላይ ወደ አዳራሹ ሳይሆን ታች ወደ ቤዝመንቱ። እዚያ አሥራ ሁለት፣ ሲበዛ አሥራ ስምንት ወንዶች በታጣፊ ወንበር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የተጠበሰ ዓሣ አለ። ግሪትስ አለ፤ ከበቆሎ የሚሠራ ገንፎ መሳይ ነገር ነው፣ ቅቤ ጣል ሲደረግበት ከኛው ገንፎ ብዙም አይርቅም። ቀጠን ያለ ቡና አለ። ከዚያ ይወራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይወራል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሑድ ቅዳሴ አላስታጉልም። ቅዳሜ ግን እዚያ ክብ ውስጥ መቀመጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ "ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?" ይሉኛል። በአጭሩ መመለስ አቅቶኛል። ስለዚህ በረጅሙ ልጻፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የክቡ የመጀመሪያ ደንብ "እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል" የሚል ነው። የሰው ጉዳይ አላወጣም። የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ እነግራችኋለሁ፤ እሱንም ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው። "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተወው" ብለውኛል።

የወሰደኝ ጎረቤቴ ነው። አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ በረዶ እየጠረግን "እንዴት ነህ?" አለኝ። "ደህና" አልኩት። አካፋውን አቆመና "ዛሬ ለስንት ሰው ነው ደህና ነኝ ያልከው?" አለኝ። እናቴ ከሞተች አርባዋ ገና አልወጣም ነበር። ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ አልቀበርኳትም። ሥራ ቦታ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ ነገርኩት፣ ለምን ለሱ እንደነገርኩት እስካሁን አላውቅም። ምክር አልሰጠኝም፣ አይዞህም አላለኝም፤ "ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን" ብቻ ነው ያለኝ።

ደህና ነኝ የምትለዋን ቃል በሥራዬም አውቃታለሁ። ማታ ማታ የነርስ ረዳት ነኝ፣ የደም ግፊት መለካት የዕለት ሥራዬ ነው። የአባቴ ዕድሜ ላይ ያሉ ጥቁር ወንዶች ይመጣሉ፣ ሚስት ወይም ሴት ልጅ እየጎተተቻቸው። ማሽኑ 190 በ110 ያሳያል፣ እነሱ "አይም ጉድ"፣ ደህና ነኝ፣ ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ በ2018 የወጣ አንድ የሎስ አንጀለስ ጥናት አለ። ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶችን ሐኪም ቤት ኑ ብለው አልጠሯቸውም፤ የዘወትር ደንበኛ በሆኑባቸው 52 ፀጉር ቤቶች ውስጥ አገኟቸው። ለአንደኛው ቡድን ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ መድኃኒት አዘዘላቸው። በ6 ወር ውስጥ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27 ነጥብ ወረደ። ፀጉር ቆራጩ ሐኪም እንዲያዩና አኗኗራቸውን እንዲያስተካክሉ ብቻ የመከራቸው ሌሎቹ ደግሞ 9 ነጥብ ገደማ ነው የወረደላቸው። መድኃኒቱ እኛ ጋ ያለው ያው መድኃኒት ነው። ሰውየው ግን የሚተማመንበት ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው።

ክቡ ውስጥ በብዛት የሚነሳው ቃል "ኢጎ" ነው። በአማርኛ ምን ልበለው እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ። ትዕቢት ቢባል ይከብዳል። ኩራት ቢባል ደግሞ ኩራት በኛ ቋንቋ ጥሩም መጥፎም ነው። እኔነት ሳይቀርብ አይቀርም። የመጀመሪያ ሰሞን ግን "ኢጎአችንን እናውርድ" ሲሉ በሆዴ እከራከራቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች የተነፈጉት ክብር ነው እንጂ ምን ትርፍ አላቸው? ሲዋረድ የኖረን ሰው ራስህን ዝቅ አድርግ ማለት ይቻላል እንዴ?

ጥያቄው የኔ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ሲነበብ አንድ ወጣት አነሳው። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ "አንዱ በቀኝህ አንዱ በግራህ እንቀመጥ" ያሉበት ክፍል ነው። መልሱ እንደምታውቁት "ከእናንተም ማንም ፊተኛ ሊሆን የሚወድ የሁሉ ባሪያ ይሁን" የሚል ነው። ልጁ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘጋውና "ይሄን ቃል ለኔ ሰዎች እንዴት ነው የሚያነቡት?" አለ። ዝም ተባለ። ረጅም ዝምታ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ዲከኑ ስለ 1968 የነገሩን። ዲከን ይሏቸዋል። የኛ ዲያቆን ብዙ ጊዜ ልጅ እግር ነው፣ በነሱ ቤት ግን ዲከን ማለት ሽበት የወረሰው ሽማግሌ ነው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ 34 ዓመት ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ፣ ያደጉት ሳውዝ ካሮላይና ነው። እኔ በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው። ፊት ለፊት ግን እዚያ ክብ ውስጥ ሁሉም "ብራዘር" ነው፤ እኔም ስጠራቸው ይኸው እስከዛሬ ምላሴ ይተሳሰርብኛል።

በአሜሪካ ደቡቡ ክፍል ጥቁር ወንድ የስልሳ ዓመት ሰው ቢሆንም "ቦይ" ነበር የሚባለው። አያታችሁን፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ቆመው፣ የሱቅ ጎረምሳ "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ" ሲላቸው አስቡት። እሳቸውም "አቤት ጌታዬ" ሲሉት። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ሜምፊስ ውስጥ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች ዝናብ ሸሽተው መኪናው ኋላ እንደተጠለሉ መጭመቂያው ተነስቶ ገደላቸው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1,300 የሚሆኑ ሠራተኞች አድማ መቱ። ከዚያ በኋላ አደባባይ ይዘውት የወጡት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አራት ቃል ብቻ ነው። "እኔ ሰው ነኝ" ብዬ ልተርጉመው ወይስ "እኔ ወንድ ነኝ"? ሁለቱንም ነው ያሉት።

አድማው ሊጀመር 8 ቀን ሲቀረው፣ ፌብሩዋሪ 4፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አትላንታ ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቺኑ ማርቆስ 10ን ይዞ ሰብኮ ነበር። የማርሽ ባንድ ሲሄድ ከፊት ሆኖ ዱላ እየወረወረ የሚመራ ሰው አለ አይደል? ሁላችንም ያ ሰው መሆን እንፈልጋለን አለ። መኪናችንም፣ ማዕረጋችንም፣ ዘረኝነቱም፣ የመንግሥታት ጦርነትም ከዚያው ፍላጎት ነው የሚመጣው አለ። ዲከኑ ያሳዩን ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ክርስቶስ ለሁለቱ ልጆች "ፊተኛ መሆን አትፈልጉ" አላላቸውም፣ ፍላጎቱን አልነቀፈውም ይላል ኪንግ። በፍቅር ፊተኛ ሁኑ፣ በቸርነት ፊተኛ ሁኑ ነው ያለው። ዲከኑ ወደ ልጁ ዞረው "ማንም ወንበርህን አይወስድብህም፤ መጀመሪያ ቁም፣ ያልቆመ ሰው አይንበረከክም" አሉት። እኔ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደተሰበክሁት አላውቅም፣ እንዲህ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ነው።

ኪንግ ያንን ስብከት የጨረሰው ስለ ቀብሩ እየተናገረ ነው። የኖቤል ሽልማቴን አታንሱ አለ። ከሁለት ወር በኋላ፣ እነዚያን ሠራተኞች ሊያግዝ ሜምፊስ ሄዶ ኤፕሪል 4 ተገደለ፣ ቀብሩ ላይም ያው ስብከት በቴፕ ተሰማ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዲሲ ያለው ሐውልቱ በ2011 ሲመረቅ ከዚያች ስብከት የተወሰደች ዓረፍተ ነገር ጎኑ ላይ ተቀርጻ ነበር። አሳጠሯት። እሱ "የባንድ መሪ ነበር ማለት ከፈለጋችሁ ለፍትሕ ነበር በሉ" ነው ያለው። "ከፈለጋችሁ" የምትለዋ ስትወጣ "የፍትሕ የባንድ መሪ ነበርኩ" የሚል ፉከራ ሆና ቀረች። ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ ትዕቢተኛ አስመሰላችሁት ብላ ተቆጣች። በ2013 ከድንጋዩ ላይ ፍቀው አጠፏት። ስለ እኔነት የተሰበከ ስብከት አንዲት ቃል ስትጎድለው እኔነት ሆኖ አረፈው። ቅዳሜ ከሰዓት አንዳንዴ እዚያ እሄዳለሁ፤ የተፋቀበትን ጎን አየዋለሁ።

አሁን የዲከኑን ታሪክ ልንገራችሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ቤንዚን ሊቀዱ ቆሙ። ቀጂው ጎረምሳ ነጭ ነው። አባትየውን "ቦይ" አላቸው፣ አባትየው "የስ ሰር" አሉ። ከዚያ ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ የአባቱን እጅ መሪው ላይ እያየ በሆዱ ማለ፤ እኔን ማንም እንዲህ አያደርገኝም ብሎ። ማንም አላደረጋቸውም። ፖስታ ቤት አለቃ አልደፈራቸውም። ግን ያ መሐላ ማታ ማታ አብሯቸው ቤት ይገባ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ጎረምሳው ቤንዚን ቀጂ የለም። ሚስታቸውና ልጃቸው ናቸው ያሉት። ልጃቸው አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው አንድ ቀን መለሰላቸው፤ የመለሰው ነገር ምን እንደነበረ እንኳ አሁን አያስታውሱትም። ሻንጣውን በረንዳ ላይ አወጡለት። አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

ይህን ለመናገር ክቡ ውስጥ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። የተናገሩት ቀን እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። ነጭ የስታይሮፎም ኩባያ ይዘው ነበር። እያወሩ ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ቁርጥራጩን ጭናቸው ላይ ይደረድሩታል። ሲጨርሱ ከኩባያው የቀረው ታች ያለው ክብ ብቻ ነው። ቡናው መቼ እንዳለቀ አላየሁም።

የክቡ ሁለተኛው ደንብ ካልተጠየቀ በቀር ማንም ምክር አይስጥ የሚል ነው። እኛ ሐበሾች ይሄ ደንብ ይገድለናል፤ ሽምግልና ስንወድ! አንዱ "ኧረ ተው" ሳይል፣ ሌላው ጥቅስ ሳይመዝ ዝም ብሎ መስማት አስቸገረኝ። ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ "እኔ የዚያ ዓይነት ልጅ ነኝ" አለ። "አባቴ ቢደውል በመጀመሪያው ጥሪ ነው የማነሳው።" ሌላ አልጨመረም።

ዲከኑ በሳምንቱ ደወሉ። አልተነሳም። መልእክት ተዉ፣ "ይቅርታ" ብቻ ብለው ዘጉት። ሦስት ሳምንት ምንም የለም። ከዚያ ልጁ ደወለ። አሁን እሑድ እሑድ ያወራሉ፤ ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት፣ ስለ ሻንጣው እስካሁን አላነሱትም።

ወንዶቹን ራሳቸውን ብትጠይቋቸው ይሄን ነገር እኛ አልጀመርነውም ይሏችኋል። አንዱ በኦክቶበር 16 ቀን 1995 ካፒቶሉ ፊት ሜዳው ላይ ነበር፤ የጥቁር ሙስሊሞች ድርጅት የሆነው የ"ኔሽን ኦፍ ኢስላም" መሪ ሉዊስ ፋራካን ጠርቶት ጥቁር ወንዶች ለንስሐና ለእርቅ የወጡበት ቀን። የመንግሥቱ ፓርክ ባለሥልጣን 400,000 ነበሩ አለ፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች 837,000 ገደማ አሉ፣ ጭቅጭቁ ለዓመታት ቀጠለ። እሱ ቁጥሩን አያነሳም፤ የማያውቀው ሽማግሌ አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስ ያስታውሳል። ሴቶቹ ቤት ይቅሩ መባሉን ብዙ ጥቁር ሴቶች ተቃውመውታል፣ የጥቁሮች መብት ታጋይዋ አንጄላ ዴቪስም አንዷ ነበረች። እውነት ነበራቸው። ወንዶች ብቻቸውን ተቀምጠው የሚያዋርዳቸውን ሰው ብቻ እያነሱ እነሱ ራሳቸው ያዋረዱትን ሰው ሲረሱ ክቡ ወደ መሸሸጊያ ይለወጣል። የኛዎቹ ይህን ያውቁታል መሰለኝ፣ አንድ ሰው ስለ ሚስቱ ሲያማርር "እሷ ብትኖር ምን ትል ነበር?" ብለው ይጠይቁታል።

የኔ ተራ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ወጣቶች ስለሚገደሉበት ነገር እየተወራ ነበር። እኔ ቀና ልብ ኖሮኝ፣ እንዲያውም ማገዜ መስሎኝ፣ "እናንተ ታሪካችሁ ተነጥቃችኋል፤ እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ለዚያ ነው ልጆቻችን..." እያልኩ ቀጠልኩ። አንዱ በቀስታ አስቆመኝ። "ብራዘር፣ እናንተ ስትል ከየትኛው ወንበር ነው የሚጀምረው?" ክብ ነው እኮ የተቀመጥነው። ዞር ብዬ አየሁ፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ፊቴ ጋለ።

ይሄን ነገር ለሐበሻ አንባቢ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። እዚህ አገር ስንኖር ዐድዋን እንደ መለያ ባጅ ደረታችን ላይ ለጥፈን ከነሱ ስንርቅ አይቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ስለነሱ የምንላቸውን ቃላት እኔም ብያቸዋለሁ። "ባሪያ" የምትለዋን ቃል ማርቆስ 10 ላይ ስናነብ የሚሰቀጥጠን ነገር የለም፤ አገራችን ግን ባርነትን በሕግ የሰረዘችው በ1942 ነው፣ ቃሉን ለስድብ መጠቀም እስከዛሬ አልሰረዝንም። ለንስሐ አባቴ "ትዕቢት አለብኝ" ብዬ ስንት ጊዜ ተናዝዣለሁ። ስም የሌለው፣ ፊት የሌለው ትዕቢት ነበር። እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ግን የታበይኩባቸው ሰዎች ዓሣዬን አቀብለውኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ንስሐ አባቴን አልተውኩም፣ አሁን ግን ስናዘዝ ምን እንደምል አውቃለሁ።

ዲከኑ የዚያን ቀን ሊያሸማቅቁኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ሲያልቅ ወንበር እያጠፍን "አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ የተቀደደ የንጉሣችሁ ፎቶ ነበር" አሉኝ። ጣሊያን በ1935 ሲወረን እነዚህ ሰዎች ራሳቸው በችግር ላይ ሆነው ሳንቲም አዋጥተዋል። ፒትስበርግ ኩሪየር የሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ጄ ኤ ሮጀርስን ዘጋቢ አድርጎ አገራችን ድረስ ልኳል። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው አብራሪ መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኗል። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተችው፣ አሁን ሃርለም ያለችው "አቢሲንያን ባፕቲስት" ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስሟን ከየት እንዳመጣች ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው የወጡ ሰዎች ናቸው የመሠረቷት፣ ከነሱ ጋር የኛ አገር ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል። "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የምትለዋን ከኛ እኩል በቃላቸው ያውቋታል። እነሱ በኛ ስም ቀና ሲሉ እኛ በዚያው ስም ከነሱ እንርቅበታለን። ይሄ ነገር እስከዛሬ ሆዴን ይበላኛል።

በኛ ቋንቋ ጉልበት ሁለት ነገር ነው። ኃይልም ነው፣ የእግር መታጠፊያም ነው። ማልኮም ኤክስ እስር ቤት ሳለ መጸለይ ሲጀምር ከሁሉ የከበደው ጉልበቱን ማጠፍ እንደነበር ተናግሯል፤ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል። እዚያ ያደረሱት ደግሞ ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው፣ በደብዳቤና በጥየቃ፣ ሳይሰለቹ። በ1964 መካ ሄዶ ሲመለስ ስለ ነጮች ሲናገር የኖረውን ነገር ተሳስቼ ነበር ብሎ በአደባባይ አሻሽሏል። የአደባባይ ሰው ተሳስቼ ነበር ሲል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ከሱ በፊት ደግሞ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ፊላደልፊያ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አብሳሎም ጆንስ የሚባል ጥቁር ሰው ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ ቦታው ያንተ አይደለም ብለው ሊያስነሱት ጎተቱት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁኝ አላቸው። አልጠበቁትም። ጸሎቱ ሲያልቅ ጥቁሮቹ በሙሉ አብረው ተነስተው ወጡ።

ዲከኑ ባለፈው መከር ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ቅዳሜ ሲዘጋ የሚችል ሁሉ ተንበርክኮ ነው የሚጸልየው፤ እሳቸው ለወራት ወንበራቸው ላይ ሆነው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ወደኔ ዘንበል ብለው "ብራዘር፣ ክንድህን" አሉኝ። ይቅርብዎት ልል ነበር፣ ደንቡ ትዝ አለኝና ተውኩት። በአንድ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ፣ በሌላው ክርኔን ያዙ። መጀመሪያ ደህናው ጉልበት ወረደ። ከዚያ ቆም ብለው ተነፈሱ። የቤዝመንቱ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ ጃኬቴን አጥፌ ከሥር አደረግኩላቸውና ሁለተኛው ቀስ ብሎ ወረደ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ያ ቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነው የጸለየው፣ አጭር ነበር።

ሲነሱ ለሁለት ሆነን ነው ያነሳናቸው።